አንድ ለአምስት

ልጄ አትሰማም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰዎች ከንፈራቸውን ይመጥጡብኛል። ከንፈር መጠጣን እንደ እኔ የጠላ ሰው በሠፈራችን በወሰን የሚገኝ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ከልጄ ጋር በእጃችን እያወራን ሳለ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ይህችን የመሰለች ልጅ፣ ምነው ፈጣሪ» አለች። ዘወር ብዬ «ፈጣሪን ምን አድርግ ነው የምትይው?» አልኳት። መገናኛ ስንደርስ ቀድማን ወረደች። ልጄ ምን እንደተባለ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳቀች።

ባለቤቴና እኔ ወሰን ከጋራዦቹ ተርታ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ እንሰፋለን። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ በግራና በቀኝ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ሞተር ይፈተሻል፣ ሰው ለመሰማማት ይጮኻል። ልጄ በዚያ ሁሉ መሀል የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ በሰላም ሥዕሏን ስትስል ሳያት «እንግዲህ ተቸጋሪዎቹ እኛ ነን» እያልኩ ባለቤቴን አስቀው ነበር። እሱ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሚስቀውም በአፍንጫው ነው። በቤታችን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምጣላውም እኔው ነኝ።

ጆሮዋን የወሰደው ገና ድክ ድክ ስትል የያዛት ማጅራት ገትር ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልወድም። ከሆስፒታል ስንወጣ ነፍሷ በመትረፏ ብቻ አልሃምዱሊላህ አልን፤ በር ሲወረወር ዘወር እንደማትል ያስተዋልነው ቆይቶ ነው።

ትምህርት ቤቷ ወደ ካራ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከግቢው ጀርባ፣ የልጆቹ ምሳ ከሚሠራበት ወጥ ቤት ጎን፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ብቻቸውን የሚማሩባት አንዲት ክፍል አለች። ትልቁም ትንሹም እዚያው ነው። መምህርቷ ሰሌዳውን በጠመኔ ከፋፍላ ለአንዱ ፊደል፣ ለሌላው ማባዛት፣ ለሌላው የአበባ ክፍሎችን በእጇ ስታስረዳ ትውላለች። ቁጡ ናት፤ አርፍዶ የመጣ ወላጅ ሰላም ቢላት ቀና ብላ አታየውም። እኔና እሷ የተግባባነው ሁለታችንም ነገረኞች ስለሆንን ይመስለኛል። ልጄ በዚያች ክፍል ስሟን፣ የእኛን ስም፣ መቀለድንና መሟገትን ተማረች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች በሚሰጠው ትምህርት ጣቶቼን አፍታታሁ። ባለቤቴ እስካሁን የሻይንና የውሃን ምልክት ያምታታል፤ ሻይ ስትጠይቀው ውሃ ያመጣላትና አብረው ይስቃሉ።

ደንቡ እንዲህ ነው። አራተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ከዚያች ክፍል ወጥቶ ከሚሰሙት ልጆች ጋር አምስተኛ ይገባል፤ መምህሩ የሚናገረውን በምልክት የሚነግረው አስተርጓሚ ፊት ለፊቱ ይቆምለታል። አካቶ ትምህርት የሚሉት ይህንን ነው። የልጄ ተራ ሲደርስ መምህርቷ «ደርሳለች፤ አስተርጓሚ ካለላት ከማንም አታንስም» አለችኝ። ዳይሬክተሩ ግን «ትንሽ ብትቆይ ይሻላል» አሉ። ለምን ይሻላል ስላቸው ስብሰባ አለብኝ ይላሉ።

ደጅ ጠናሁ። ጠዋት ልጄን አድርሼ ከቢሯቸው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሲገቡም ሲወጡም ተነስቼ ሰላም እላቸዋለሁ። ኋላ ላይ እኔን ሲያዩ በሌላው በር መውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት እኩልነት ሲያስረዱ እጄን አወጣሁና «ታዲያ የእኔን ልጅ ወጥ ቤት ጎን ያስቀመጣችኋት ሽንኩርት ልትልጥላችሁ ነው?» አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሳቁ። በማግስቱ አስጠሩኝ።

«በይ ደስ ይበልሽ» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ እንደማንኛውም ልጅ ናት።»

«አስተርጓሚውስ?»

«ጠይቀናል፤ ይመጣል። እስከዚያው በአንድ ለአምስት እንይዛታለን። በጣም ጎበዝ ልጅ ነው የመረጥንላት።»

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ሰው አንድ ለአምስትን ያውቀዋል። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሌሎችን ይዞ ይቀመጣል፤ ያልገባቸውን ያስረዳቸዋል፤ የቡድን ሥራውን አብረው ሠርተው አንድ ዓይነት ውጤት ይወስዳሉ። መምህሩ ለዚያ ሁሉ ልጅ ብቻውን አይደርስማ። ክፍሉን በመስኮት አይቼዋለሁ። ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ አባቱ ሹፌር የሆነው፣ እናቷ ጉልት የምትቸረችረው፣ በቅርቡ ከሰሜን መጥቶ ላምበረት መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደው፣ ሁሉም በአንድ ዴስክ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ልጄ በመሀላቸው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደ ሱቅ ስመለስ ባለቤቴን «አሸነፍኩ» አልኩት። በአፍንጫው ሳቀ።

የቡድኗ መሪ ረዘም ያለች፣ ፀጉሯን ሹሩባ የምትሠራ የካራ ልጅ ነበረች። አያቶቿ እዚያው ካራ ገበሬዎች ነበሩ፤ አባቷ አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ይህች ልጅ ልጄን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወደደቻት። የምልክት ቋንቋም ባለቤቴን አሳፍራ በአጭር ጊዜ ለቀም ለቀም አደረገች፤ ነዪ፣ ሂጂ፣ ልብላ፣ ተናደድኩ፣ ያ ልጅ ነገረኛ ነው። ለሁለት ሴት ልጆች ጨዋታ ይበቃል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ተያይዘው ሱቃችን ይመጣሉ፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍተው ይሄዳሉ። በረመዳን ዳቦዋን ስትበላ ለልጄ ጀርባዋን ትሰጥ ነበር። በኢድ ቀን ቤታችን መጣች። ሥጋችንን እንደማትበላ ስለማውቅ ለብቻዋ በአዲስ ድስት ሽሮ ሠራሁላት፤ ምንም ሳይባል ተቀምጣ በላች። በእኛ ሠፈር ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሙስሊም ጎረቤት ለሠርግ ሲጠራ ድንኳኑ እንዴት እንደሚለይ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። የማይሰማ ልጅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረን ሰው የለም፤ እናዝንለታለን፣ አለቀ።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማ ጓደኛ አገኘች። ውጤቷም መጣ፤ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ሆነ። ካርዷን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ለጋራዥ ጎረቤቶቻችን ሁሉ አሳየኋቸው፤ የሞተር ዘይት በነካው እጃቸው እንዳያበላሹብኝ ከሩቅ።

አስተርጓሚው አልመጣም። መጀመሪያ ላይ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። ዳይሬክተሩ «ምን ጎደላት? ውጤቷን እያየሽ» ይሉኛል። ውጤቷን እያየሁ ምን ልበል? እንዲያውም እኔን ራሴን አስተርጓሚ ሳይኖራት ያለፈች መሆኗ የበለጠ ያኮራኝ ጀመር።

አንድ ቀን እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ወላጆችም ተጠራን። ልጆቹ የየብሔረሰቡን ልብስ ለብሰው ጨፈሩ። ዳይሬክተሩ «በዚህ ግቢ የማይነገር ቋንቋ፣ የሌለ ሃይማኖት የለም፤ ማንንም ወደ ኋላ አንተውም» ብለው ልጄን ወደ መድረኩ ጠሯት። ሰሌዳ ቀርቦላት ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ አንቀጽ በቃሏ ጻፈች። ያ የእጅ ጽሑፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከአታሚ ቤት የወጣ ይመስል ነበር፤ አንዲት ነጥብ አልሳተችም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። ባለቤቴም አለቀሰ፤ እሱ ሲያለቅስ ሳየው በትዳራችን ያ ሁለተኛው ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ እንደገባ የጓደኛዋ ቤተሰብ ከከተማው በሌላኛው ጫፍ የኮንዶሚኒየም ቤት ደረሰው። ለእነሱ ትልቅ ደስታ ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለን ቤታቸው ድረስ ሄድን። ልጆቹ በሩ ላይ ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። ጓደኛዋ በዚያው ወር ትምህርት ቤት ቀየረች።

ከዚያ በኋላ ልጄ ፍዝዝ አለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥዕሏን አትስልም፤ እኔ ስሰፋ ቁጭ ብላ መርፌው ሲወጣ ሲወርድ ታያለች። ጓደኛዋ ናፍቃት ነው ብዬ ተውኳት። የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ሲመጣ ግን ሁሉም ትምህርት ወድቆ ነበር፤ ሁሉም። ወይ ታማለች፣ ወይ የሆነ ሰው ነክቶብኛል አልኩ። ሱቁን ለባለቤቴ ጥዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገስኩ።

የክፍሏ ኃላፊ ገና ወጣት መምህር ነው። ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። የፈተና ወረቀት እያረመ አገኘሁት።

«ልጄን ማን ምን አደረገብኝ?» አልኩት።

«ማንም ምንም አላደረጋትም። እንደ ድሮዋ ናት።»

«እንደ ድሮዋማ ከሆነች ውጤቷ የት ሄደ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበር ሳበልኝ፤ አልቀመጥም አልኩ።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ። «የቡድን ሥራው ውጤት ለሁሉም እኩል ነው። የክፍል ሥራውን ከመሪዋ እያየች ትጽፋለች። ፈተናም ሲሆን አጠገቧ ነበር የምናስቀምጣት። ትኮርጃለች። እኔም አውቃለሁ፣ ሌሎቹም መምህራን ያውቃሉ። ምን እናድርግ? ምልክት አንችልም። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ሳወራ እሷ ጀርባዬን ነው የምታየው። ላስወድቃት? ሌላው ልጅ ሁሉ እያለፈ እሷን ብቻዋን ልጣላት? ብጥላት ኖሮ እርስዎ መጥተው ይጮሁብኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። እጮህበት ነበር። የሳበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። የምጣላው ሰው ፈልጌ ሄጄ ያገኘሁት ለልጄ ያዘነ ሰው ነው።

ሱቅ ስመለስ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ያን መድረክ ላይ የጻፈችውን አንቀጽ ምን ይል እንደነበር ጠየቅኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። «ትክክል ነው» አለችኝ በእጇ። ትክክል መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ምን ይላል? «ትክክል ነው» አለች እንደገና፤ ፊቷ ግራ ተጋባ። ስለ ጽሑፍ ከዚህ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰላትም። ባለቤቴ መቀሱን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

ጓደኛዋ አንድ እሑድ ከአባቷ ጋር ልትጠይቀን መጣች። ልጆቹ ተላቅሰው፣ ተሳስቀው ከጠገቡ በኋላ እሷን ብቻዋን ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ልቆጣት አልነበረም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ገና ሳልጀምር ገብቷት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስለምወዳት ነው» አለችኝ። «እኔም አንደኛ ክፍል ስገባ አማርኛ አልችልም ነበር። ቤት ኦሮምኛ ነው የምናወራው። ቲቸሯ ስታወራ ዝም ብዬ አያታለሁ፣ ምንም አይገባኝም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደብተሯን ገለጥ አርጋ ታሳየኝ ነበር፤ እሷን እያየሁ እጽፋለሁ። ከዛ ሳላውቀው ገባኝ። በቃ፣ የሆነ ጊዜ ላይ ሁሉም ነገር ገባኝ። እሷም እንደዛ የሚገባት መስሎኝ ነው።»

እንዲህ ያለውን ስህተት ራሱ ተቸግሮ ያለፈ ልጅ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ለእሷ ደብተር ያሳየቻት ልጅ እውነትም አድናታለች። ነገር ግን እሷ ስትገለብጥ በነበረበት ጊዜ አማርኛው ከየአቅጣጫው በጆሮዋ ይገባ ነበር፤ ለምሳ ሲሰለፉ፣ ገመድ ሲዘሉ፣ ሲሰዳደቡ። የእኔ ልጅ ግን ከገለበጠችው በቀር በየትም በኩል የሚገባላት ነገር አልነበረም። ልጅቷን እቅፍ አድርጌ ሳምኳት፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። አላጠፋችም።

ያኔ ለስድስተኛ ክፍል ፈተና የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። ይህን ፈተና ያላለፈ ሰባተኛ አይገባም። ተፈታኞቹ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት፤ መሪ የለ፣ ቡድን የለ። ወደ ቀድሞዋ መምህርት ሄድኩ። ያቺ ቁጡ ሴት ስትሰማ ቁጣውን እንኳ አልቻለችበትም፤ ጠመኔውን በጣቶቿ መሀል አደቀቀችው። «ከትምህርት በኋላ አምጫት» አለችኝ።

በየቀኑ ወሰድኳት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ሦስታችን ክፍሉ ውስጥ እንቀራለን፤ መብራት ስለሌለ በሩን ከፍተን እንቀመጣለን። መምህርቷ ከአምስተኛ ክፍል መጀመሪያ ጀምራ ታስረዳታለች። ልጄ ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነገራት ሌላውን ጥያቄ ራሷ ታመጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ።

አንድ ቀን ደመናው እንጦጦን ሸፍኖ ወደ እኛ እየወረደ ነበር። መምህርቷ በበሩ አሳየቻትና ውሃ ከምድር እንዴት እንደሚተን፣ ለምን ተራራው ላይ ሲደርስ እንደሚቀዘቅዝ፣ ዝናብ እንዴት እንደሚሆን በእጇ ነገረቻት። ልጄ ተመስጣ ታይ ነበር። ድንገት እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ይሄ ክፍል ውስጥ ተነግሯል?» አለች።

«አዎ፣ አምስተኛ ክፍል» አለቻት መምህርቷ።

«ሁሉም ያውቁታል?»

«አዎ።»

«ትናንት የነገርሽኝስ? የደሙ? የልቡ?»

«እሱም ተነግሯል።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። «እኔ እዚያው ነበርኩ» አለችኝ። በእጇ ደረቷን መታች፤ ደግማ መታች። «እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ምን እንደደረሰባት የገባኝ። እኔ ውጤት ጎደላት ብዬ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። እሷ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ትምህርት ማለት አብሮ መቀመጥና አሳምሮ መጻፍ ይመስላት ነበር፤ ሌሎቹም የሚያደርጉት እሱኑ ይመስላት ነበር። ለአርባ ልጅ በየቀኑ ስለ ዓለም ሲነገር፣ እሷ መሀላቸው ተቀምጣ ምንም ነገር እየተነገረ መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር። መድረክ ላይ አውጥተን ያጨበጨብንላት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጥፎ ነበር። ትምህርቱን አልተወችም፤ እንዲያውም ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ግን አትስቅም። ባለቤቴ ሆን ብሎ በሻይ ፋንታ ውሃ ቢያመጣላት ተቀብላ ትጠጣዋለች። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየች ቆማ አፋቸውን ትመለከታለች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ለምን ስላት «ለእናንተ ነው የሚያወራው» አለችኝ። ሁሉን ለመንገር ሞከርኩ፤ ዜናውን፣ የደንበኞቹን ወሬ፣ የጎረቤትን ጠብ። እጄ ደከመ። የሰው ልጅ በቀን ውስጥ ምን ያህል እንደሚያወራ የሚያውቀው ሁሉን ልተርጉም ብሎ የተነሳ ሰው ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን በዝናብ ወሰድኳት። በር ላይ ተቀብሎ ላስገባት ፈታኝ ልጄ እንደማትሰማ ነግሬዋለሁ፤ «ምንም አያስቡ እናቴ» አለኝ። ስትወጣ ፊቷ ተቆጥቶ ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ፈታኙ ጭንቅላቷን ዳብሶ ወንበሯን ጎበዝ ወደመሰለው ልጅ አስጠጋላት፤ በጣቱም የልጁን ወረቀት አሳያት። እዪ፣ ጻፊ። እሷ ወንበሯን መልሳ ጎትታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምታውቀውን ሠራች፣ የማታውቀውን ባዶ ተወችው።

«ብታዪውስ ምን ነበረበት?» አልኳት። ይህን ማለቴን አልደብቅም፤ እናት ነኝ።

«እሱን አውቃለሁ» አለችኝ። «ከጎን ማየት አውቃለሁ።»

ውጤቱ ሲመጣ አላለፈችም። በጥቂት አይደለም፤ በብዙ ነው የጎደላት። ከአምስተኛ ክፍል ትምህርት የተነገራትን ሁሉ መልሳ ነበር፤ ያልደረሱበትን ሁሉ ትታለች። መምህርቷ ይህን ስታይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። የልጄ ክፍል ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ አልፈው ወደ ሰባተኛ ሄዱ።

ዳይሬክተሩ ከልጄ ጋር አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስንገባ ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉን። ክፉ ሰው አይደሉም። የሹራባቸው ክርን ተቀዷል፤ ጠረጴዛቸው ላይ የልጆች ምሳ የሚቀርብበት ሳህን ጉድለት፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የጎደለ መምህር ጉዳይ ተከምሯል። «አይዞሽ» አሉኝ። «ስድስተኛን ትደግማለች፣ በቃ። ብዙ ልጅ ይደግማል። ደግሞ እንዳትሰጊ፣ ለሚመጣው ዓመት ከፊተኛዋም የበለጠች ጎበዝ የቡድን መሪ አዘጋጅተንላታል። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሩኅሩኅ ናት። በደንብ ታሳያታለች።»

የሚሉትን ሁሉ ለልጄ በእጄ ነገርኳት። ላለሳልሰው እችል ነበር፤ አላለሳለስኩትም። በዚያ ግቢ ውስጥ በድምፅ የሚባለው ቃል በቃል ሲነገራት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። መጨረሻ ድረስ ተከታተለችኝ።

«ጠይቂልኝ» አለችኝ። «የሚያሳየኝ አልፈልግም በይው። የሚነግረኝ ማን ነው?»

«የሚያሳየኝ አልፈልግም ትላለች» አልኳቸው። «የሚነግረኝ ማን ነው ትላለች።»

ዳይሬክተሩ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ልጄን አዩዋት። ዓይኗ አፋቸው ላይ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። አፋቸውን ዘጉና ወደ ጠረጴዛቸው አጎነበሱ። ለእኔ ቢሆን ይመጣል ይሉኝ ነበር፤ ለእሷ ማለት አቃታቸው። ውጭ ልጆች ይጮኻሉ።

ልጄ ክንዴን ነካችኝ። «ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ሰው ሲስቅ፣ ሰው ሲጣላ፣ መምህር ሲቆጣ፣ ምን ተባለ ብላ በጠየቀች ቁጥር በሚሰሙት ልጆች ክፍል የሚሰጣት መልስ ይኸው ነበር። «አፉ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ንገሪኝ።»

«ወላሂ ምንም አላለም።»

እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። አላመነችኝም።